ብረቱ አለ፣ ግን ተቆልፎበታል
ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ብግነት ሕመም ክርኔና ጉልበቴ ላይ ከሰፈረ ቆይቷል፤ ተላምደናል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ማጠሩ ግን አዲስ ነበር። ስመረመር ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ በዴሲሊትር 10.4 ግራም ሆነ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው።

እማዬ ወዲያው ቀይ ሥርና ጉበት ጥብስ ጀመረች። "ጤፍ እየበላሽ ደምሽ እንዴት ያንሳል?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሐኪሟ የተከማቸ ብረት መጠንን የሚያሳየውን ፌሪቲኔን አይታ ብረቱ እንዳለ ነገረችኝ። ችግሩ ሌላ ነው። የቆዳው ብግነት ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። በደም የሚዞሩ የብግነት መልእክተኞች፣ በተለይ ኢንተርሉኪን 6፣ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጉታል። ሄፕሲዲን ሲበዛ አንጀት ከምግብ ያገኘውን ብረት ወደ ደም አያሳልፍም። የተከማቸውም አይለቀቅም። ጎተራው ሙሉ፣ ቁልፉ የጠፋ ቤት በሉት። ቀይ የደም ሴል የሚሠራው መቅኒ ብረት ያጣል።

ስለዚህ የአይረን ክኒን ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ሆድ ማድረቁ ግን አይቀርም! ብግነቱን ማብረድ ይቀድማል። እውነተኛ የብረት እጥረት አብሮ ሊኖር ስለሚችልም ምርመራው ያስፈልጋል።

አሁን ብግነቱን የሚያበርድ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ላይ ነኝ። እሱም ራሱ ደም ሊያሳንስ ስለሚችል ፎሊክ አሲድ አብሮ ታዞልኛል፤ ደሜንም በየጊዜው እታያለሁ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ ከተዋጠ አደገኛ ነው።