ወንበር ከመቁጠሬ በፊት ቤታቸው መሄድ ነበረብኝ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። በ2010 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ 12ቱ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 ነበር። አብዛኞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። ሁለቱ ኦቲዝም አለባቸው፤ ሦስቱ መስማት የተሳናቸው ናቸው። የሚቀመጡት ለሰባት ዓመት ሕፃን በተሠራ ዴስክ ላይ ነበር። ጢም ማብቀል የጀመረ ልጅ ጉልበቱን አጣጥፎ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ ሲል ማየት ያማል። ለእነሱ የሚሆን ክፍል ይከፈት ብዬ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው እቅዴ ሦስት ገጽ ነበር። የክፍል ስፋት፣ የወንበር ብዛት፣ የመምህር ቁጥር፣ በጀት። ግቢያችን ውስጥ ያለ አሮጌ መጋዘን ተፈቀደልን። እሰይ ብዬ ለወላጆች መንገር ጀመርኩ።

ያነቁኝ አንድ አባት ናቸው። ጣና ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «መምህርት፣ ክፍሉስ ይሁን። እህቱ በሚመጣው ዓመት ዘጠነኛ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያደርሰዋል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ትምህርት ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር እስከ ቤቱ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከ12ቱ ስምንቱን የሚያመላልሳቸው ታናሽ እህት ወይም ወንድም ነው። የታናሽየው ፈረቃ ሲቀየር ትልቁ ይቀራል። ታናሽየው ስምንተኛን ጨርሶ ሌላ ትምህርት ቤት ሲገባ የትልቁም ትምህርት በዚያው ያበቃል። እኛ መዝገብ ላይ «አቋረጠ» ብለን አልፈነዋል። ስንቱን እንዲህ እንዳለፍነው ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንዷ ልጅ በየወሩ አራት አምስት ቀን ትቀር ነበር። ታማ ነው ብዬ አስብ ነበር። እናቷ ቡና እያፈሉ ምክንያቱን ነገሩኝ። የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት አያስወጧትም፤ የትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ቤት በሩ አይዘጋም፣ ውኃም የለውም። እኔ በዚያ በር ፊት በቀን ስንቴ አልፋለሁ!

ሌላም ነገር ወጣ። ጎረቤቶች፣ «እዚህ ግቢም አንድ አለ» እያሉ ያሳዩኝ ጀመር። ጭራሽ ተመዝግበው የማያውቁ ሰባት ወጣቶች ተገኙ። የ12 ሰው እቅዴ የ19 ሆነ። መዝገብ ብቻ አይቶ ማቀድ የመጣውን ልጅ ብቻ መቁጠር ነው።

እቅዱን እንደገና ጻፍኩት። የመጀመሪያው ገጽ ስለ መንገድ ሆነ። ፈረቃቸውን ከታናናሾቻቸው ጋር አገጣጠምን። ሩቅ ለሆኑት ልጆች፣ ወላጆች ራሳቸው የሚያውቋቸውን ሁለት ባለባጃጆች መረጡ፤ እንዲያመላልሷቸው ያዝናቸው። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱ መጣ፤ በር፣ መቀርቀሪያ፣ ውኃ። ወንበር መጨረሻ ላይ ተጻፈ።

ስህተትም ሠርቻለሁ። የመጋዘኑ በር ከመሬት 45 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ግንበኛው ሁለት ሜትር ራምፕ፣ ማለትም ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ ሠራ፤ እኔም አየሁትና ጥሩ ነው አልኩ። በዊልቸር የምትመጣው ልጃችን ልትወጣ ስትሞክር ወደ ኋላ ተንሸራተተች። የሚመከረው ርዝመት ለከፍታው 12 እጥፍ ነው፤ ለእኛ 5 ሜትር ከ40 መሆን ነበረበት። አፍርሰን ሠራነው። ተጨማሪ ገንዘብ ስጠይቅ የረዳኝ በጊዜው የነበረው የሕንፃ አዋጅ ነው፤ ቁጥር 624/2001። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። አዋጁን አትሜ ይዤ ሄድኩ።

ከዚህ የባሰው ስህተቴ ግን መስማት የተሳናቸውን ሦስቱን ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል ማስገባቴ ነው። የቀለለ ትምህርት ሰጠኋቸው። እነሱ የሚያስፈልጋቸው የምልክት ቋንቋና እኩዮቻቸው የሚማሩት ትምህርት ነበር። አንዱ ተማሪ የሂሳብ ደብተሩን ዘግቶ የጎረቤት ክፍል ሰሌዳ ላይ ያለውን በመስኮት ሲገለብጥ አገኘሁት። በዚያው ወር የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ወዳለበት ክፍል ተዛወሩ። አንድ ሙሉ መንፈቅ ግን ወስጄባቸዋለሁ።

የሚማሩትንም ያገኘሁት ከቤታቸው ነው። የዓሣ አጥማጁ ልጅ ክፍል ውስጥ እስከ አስር መቁጠር ያቅተው ነበር። ቤቱ ስሄድ የተቀደደ መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ዓይን በዓይን ሲጠግን አገኘሁት። አንድ አልሳተም። መረብ ወደ ክፍል አስገባን፤ ቁጥር በመረብ ዓይን ተማረ። ሌሎቹ ቅዳሜ ገበያ ወርደው ቲማቲምና ሽንኩርት ይገዛሉ፣ መልስ ይቆጥራሉ፣ ሲመለሱ ያበስላሉ። የባጃጅ ሒሳብ መክፈልን ብቻ ለብቻው ሁለት ወር አስተማርናቸው።

18 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ምን ይሆናሉ ለሚለው ገና ሥራ ላይ ነኝ። ሁለት ወላጆች ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ቦታ እያፈላለጉ ነው።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ እህት ዘጠነኛ የገባች ዕለት ሰፈራቸው ነበርኩ። ባጃጁ መጣ። ልጁ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ ለሾፌሩ ሰጠና መልሱን ተቀበለ። እሷ አስፋልቱ ዳር ቆማ ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ አየችው። ከዚያ ደብተሯን አቅፋ በሌላኛው መንገድ ሄደች።