የስፌት መኪናስ ዋስትና አይሆንም?
ዛሬ ከጎረቤቴ ከእትዬ ጋር ቱሉ ዲምቱ ባንክ ሄድን። ልብስ ሰፊ ናት፤ ለጨርቅ መግዣ ብድር ፈልጋ ነው። ገና ሳንቀመጥ «የቤት ካርታ አለሽ?» ተባለች። ካርታው በባሏ ስም ነው። እሱ ደግሞ አልፈርምም ብሏል። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራ ቤት የጋራ ነው፤ ለማስያዝ ግን የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

አዋጅ 1147/2011 እኮ ተንቀሳቃሽ ንብረትም ዋስትና ይሆናል ይላል። የስፌት መኪናዎቿስ? ብዬ ጠየቅሁ። የባንኩ ሠራተኛ «እሱ እዚህ አልተጀመረም» አለኝ። (አዋጁ ታክሲ አጥቶ ይሆን?)

እትዬ ግን ብዙም አልደነቃትም። ሱቋን ያቆመችው በእቁብ ነው። እጣው እሁድ ይወጣል። እቁቡ ካርታ አይጠይቅም፤ ዋስ ግን ይፈልጋል፣ ፈራሚዋ እኔ ነኝ።