በጨለማ ለመጨፈር ፈቃድ ስትጠይቁ

ጎንደር ላይ ከሰማይ በታች የማሲንቆና የእስክስታ ምሽት ማዘጋጀት ለምታስቡ ነው የምጽፈው። አስቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ንዴት ባልተናደድኩ።

ሐሳቡን የጫረብኝ በሰሜን አውስትራሊያ፣ በአርነም ላንድ የሚኖሩት የዮልንጉ ሰዎች ሥርዓት ነው። ባኑምቢር የሚሉት የአጥቢያ ኮከብ እስኪወጣ ድረስ በላባ ያጌጠ ምሰሶ ይዘው ሌሊቱን ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ያነጋሉ፤ ከሙታናቸው ጋር የሚገናኙበት ነው። እኛስ? የከተራ ሌሊት በፋሲለደስ መዋኛ ዝማሬ እየሰማን፣ በጨረቃ እየተጫወትን ያደግን ልጆች ዛሬ ያለ አምፖል እስክስታ የማይወረድ መስሎናል።

ቀን መምረጡ ቀላል ነው። ክረምቱን ተዉት፤ ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል። ጨረቃ የማትኖርበትን ሌሊት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ አስልቶ ይነግራችኋል። አዝማሪ ደግሞ ጎንደር ላይ አይታጣም።

ያንገበገበኝ ፈቃዱ ነው። «በጨለማ ሰው ሰብስበህ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ ኃላፊው። ኮከብ እያየን ልንጨፍር ነው ብዬ ደጋግሜ አስረዳሁ። «ችግር የለም» ብሎ በቃል ሸኘኝ። ምሽት ላይ ግን ጄኔሬተር የጫነ መኪና ልኮ ሜዳውን በፓውዛ አጥለቀለቀው! አናታችን ላይ የነበሩት ሰባቱ ከዋክብት ጠፉ። የማሲንቆው ድምፅ በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ። አዝማሪው ደጋኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ «ለጄኔሬተር ነው የምጫወተው?» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጠባቂዎቹ ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ አጠፉት። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ቸኩላችሁ ዘፈን አታስጀምሩ። ከዚያ በኋላ የጨፋሪዎቹ ፊት አይለይም፤ ነጩ ቀሚስ ትከሻው ላይ ሲርገፈገፍ ብቻ ይታያል፤ «እስክስ!» ሲሉ ትንፋሻቸው ይሰማል። በብርሃን አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ሴቶች «ተቀበል!» እያሉ ለአዝማሪው ግጥም ይሰጡት ጀመር። ያን ምሽት በማዘጋጀቴ እኮራለሁ።

መብራት ለደኅንነት የግድ ነው ይሏችኋል። እኔ አልቀበልም። በቀይ ጨርቅ የተሸፈኑ ጥቂት የእጅ ባትሪዎች መንገዱ ዳር ካኖራችሁ ማንም አይደናቀፍም፤ ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደ ዓይንን ብዙም አይረብሽም።

ለመጪው ጥር ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። «ያለ ፓውዛ» የሚለው ቃል በደብዳቤው ላይ ሰፍሮ ማኅተም ሳያርፍበት ከዚያ ቢሮ አልወጣም።