ተጎንብሶ የሚታይ ስንዴ፦ ሲናር፣ እንክርዳድና ዋግ

ኅዳር ላይ የተዘራ የመስኖ ስንዴ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ከመንገድ ሲያዩት ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። በቆጋ መስኖም ሆነ ባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ዋናው ጥፋት የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ሲናር የሚባለው የዱር አጃ አረም ስንዴ መስሎ ያልፋል፤ ሲለይ ደግሞ የመድኃኒቱ ጊዜ አልፏል። ከተዘራ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ማሳው ውስጥ መግባት፣ ዚግዛግ እየሄዱ አሥር ቦታ ላይ መቆምና መንበርከክ ያስፈልጋል። ዳሩን ብቻ አይቶ መመለስ ያሳስታል፤ የዳር አረም ብዙ ጊዜ ከመሃሉ ይበዛልና።

በቆሙበት ሁሉ አራቱም ጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ጣሉና ውስጡ ያለውን የሣር አረም ቁጠሩ። በአራት ሲባዛ በካሬ ሜትር ስንት እንዳለ ይነግራችኋል።

መለያው ቅጠሉ ከግንዱ የሚነሳበት ቦታ ላይ ነው። ስንዴ እዚያ ግንዱን የሚያቅፉ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች አሉት፤ ጫፋቸው ፀጉራም ነው። የገብስ ጆሮዎች ረጅምና ለስላሳ ሆነው እርስ በርስ ይደራረባሉ። ሲናር ጆሮ የለውም፤ በቦታው ከፍ ያለ ስስ ነጭ ሽፋን ይታያል፤ የቅጠሉ ጠርዝም ብዙ ጊዜ ሳሳ ያለ ፀጉር አለው። ከላይ ሲያዩት የስንዴ ቅጠል በሰዓት አቅጣጫ ይጠማዘዛል፣ የሲናር ተቃራኒውን። ጥርጣሬ ካለ ግን ችግኙን ከነአፈሩ በመኮትኮቻ አውጥታችሁ ሥሩን በውኃ እጠቡት። ሲናር ከሆነ ጥቁር ቡኒ፣ ፀጉራም የዘር ቅርፊቱ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

አሰንዳቦ የተባለው ሌላ የሣር አረምም ጆሮ የለውም፣ ግን ለስላሳ ነው፤ ግንዱን ከሥሩ ሲጨምቁት ቀላ ያለ ፈሳሽ ይወጣል። በተለይ የቦይ ዳር ይወዳል፤ ስለዚህ ማሳውን አርሞ ቦዩን መተው ዘሩን በውኃ መልሶ መጥራት ነው። እንክርዳድ ከሁሉም ይከፋል፤ ጆሮ ስላለው ዛላ እስኪያወጣ ድረስ ከስንዴ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የቅጠሉ ጀርባ ማብረቅረቁ ነው። ዛላ ሲያወጣ ግን አያታልልም፦ የስንዴ ፍሬ በሰፊ ጎኑ፣ የእንክርዳዱ በጠርዙ ወደ ዘንጉ ይዞራል። ያን ጊዜ በእጅ ነቅሎ ማውጣት ግድ ነው፤ ዱቄት ውስጥ ሲገባ ሰው ያዞራል፣ ዘር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ለከርሞም ይተርፋል። ሲናር ግን ዘሩን ከአጨዳ በፊት ያራግፋል፣ መሬት ውስጥም ዓመታት ይቆያል። ነቅላችሁ ድንበር ላይ አትጣሉት፤ በከረጢት ይውጣ።

መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ ጊዜው ሣሩ ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ሲይዝ ነው። ቱ ፎር ዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ይገድላል፤ ሲናር ላይ ረጭቶ ውጤት መጠበቅ ገንዘብ መጣል ነው። የሣር አረም የሚገድለው ፓላስ ለሄክታር ግማሽ ሊትር በ200 ሊትር ውኃ ይረጫል። ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 125 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 16 ሊትር የጀርባ መርጫ ሦስት ጊዜ ይሞላል፣ ለአንዱ ሙሊት 40 ሚሊ ሊትር ገደማ። ፓላስም ሌላው የሣር አረም መድኃኒት ቶፒክም ገብስ ላይ አይረጩም፤ ገብሱን ያቃጥሉታል። ለገብስ አክሲያል አለ። በየዓመቱ አንድ ዓይነት መርጨት ደግሞ የማይሞት ሲናር ያፈራል። ጤዛው ከቅጠሉ እንደደረቀ፣ ከጣና ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ሳይበረታ ጨርሱ፤ የጎረቤት ቲማቲምና ኑግ በቱ ፎር ዲ ብናኝ ይጠወልጋል።

ከመዝራት በፊት ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ከመድኃኒቱ ይበልጣል፦ ማሳውን አጠጥቶ ከ10 እስከ 14 ቀን መጠበቅ፣ የበቀለውን አረም መልሶ ማረስ፣ ከዚያ መዝራት። ስንዴን በስንዴ ላይ ከመድገም ሽምብራ ወይም ድንች ማስገባትም እንዲሁ።

ወደ ቅጠሉ መበላሸት ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከታች ነው የጀመረው ወይስ ከላይ? ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ጫፍ በመሃል አጥንቱ በኩል ቢጫ እየሆነ የሚወርድ የዩሪያ እጥረት ነው። ውኃ የሚቋጥርበት ረባዳ ቦታ ላይ ብቻ ከታየ ሥሩ ታፍኗል፤ ዩሪያ ከመጨመር በፊት ውኃውን ማፍሰስ ይቀድማል። ዩሪያ ከተነሰነሰ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ጫፉ ነጭ ሆኖ ከደረቀ እርጥብ ቅጠል ላይ ተዘርቶ ነው። ነጭ ረጃጅም መስመር ያለበት፣ እንደ ሽንኩርት ቅጠል የተጠቀለለ ገብስ ካያችሁ ጥቅሉን ክፈቱት፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ውስጡ ነው።

ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ግን በጣት ይታወቃል። ቅጠሉን ስታሹት ዱቄት ጣታችሁን ካላቀለመው ዋግ ለመሆኑ አትቸኩሉ። ቢጫ ዋግ በደም ሥሮቹ መሃል በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ነው፤ ቀዝቃዛና ጤዛማ ሌሊት ይወዳል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በክብ ክብ ቦታ ይጀምራል። የቅጠል ዋግ ክብ ብርቱካናማ ነጥብ ነው፣ በብዛት ከላይኛው ገጽ። የግንድ ዋግ ቀይ ቡኒ ሆኖ የግንዱን ቆዳ ይቀድዳል። ዲገሉ የተባለው ዝርያ በ2013/14 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በግንድ ዋግ ተመትቶ ነበር፤ ዛሬ የሚቋቋም ዝርያ ነገ ላይቋቋም ይችላል ማለት ነው፤ ዝርያውን አምኖ ማሳን አለማየት አይገባም። በቡኒ ቁስሉ ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ የሚታየው ግን ሴፕቶሪያ የተባለ ሌላ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ከታችኛው ቅጠል በዝናብ ፍንጣሪ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ የክረምቱ ስንዴ ላይ ይብሳል።

ዋግ ከገባበት ቀን አንሥቶ ዱቄት እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። አንድ ክብ ቦታ ካያችሁ ያልታየው ይበዛልና የፈንገስ መድኃኒቱን ቲልት፣ ለሄክታር ግማሽ ሊትር፣ ሙሉ መጠኑን፣ በዚያው ቀን ርጩ። መድኃኒቱ የሞተውን ቅጠል አያድንም፤ ዋናው ነገር የመጨረሻውን ቅጠል መጠበቅ ነው፤ ፍሬውን የሚሞላው በዋናነት እሱ ነው። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ቅጠል እሹት። መስመሩ እንዳለ ይቆያል፣ ዱቄቱ ግን ጣት ላይ መውጣት የለበትም።