ሌሊቱን በረንዳ ያደረ ፕላስቲክ ምንጣፍ

የእማዬን ሳሎን ፕላስቲክ ምንጣፍ ያነጠፍኩት ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ደብረ ብርሃን። የታኅሣሥን ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ስራዬን ያበላሸብኝም እሱ ነው።

ጥቅሉ በረንዳ ላይ አደረ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስገብቼ ወዲያው ዘረጋሁት። ጥጉ ጋ ወደ ግድግዳው ላጥፈው ስል ቀጭ አለና ስንዝር ያህል ተሰነጠቀ። በጣም አዘንኩ፤ እማዬ ከእቁቧ ያወጣችው ገንዘብ ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ነበረበት።

እማዬ «ልጄ፣ ከሰል ላስገባልህና ይሙቅ» አለችኝ። እምቢ አልኳት። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል፣ ማስቲሹም እሳት ይይዛል። ምንጣፉን መስኮቱ ስር ዘረጋሁትና ሥራውን ለነገ አሳደርኩት። የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ጨርቅ ተኛ። በማግስቱ ማስቲሽ ስቀባ ቡናውም ደጅ ተፈላ።

እስከዚያ ወለሉን ያዝኩ። ሊሾው ላይ አንድ የአሸዋ ፍሬ ብትቀር ከጊዜ በኋላ ከላይ ጉብ ብላ ትታያለች። ስለዚህ ጠረግኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፣ ሲደርቅ ደግሞ ተንበርክኬ በመዳፌ ዳበስኩት። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል። ሊሾው አዲስ ከሆነ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከስሩ ጠል ከያዘ ገና አልደረቀምና ጠብቁ።

አቆራረጡ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ግድግዳው ላይ ይውጣ። የውስጥ ጥግ ጋ ትርፉን ጥቂት በጥቂት ቆርጣችሁ ቀንሱ። ወደ ክፍሉ የወጣ የግድግዳ ማዕዘን ጋ ግን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ሰንጥቁት፣ ግራና ቀኙ ራሱ ይተኛል። የከተሩን ምላጭ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ የደነዘ ምላጭ ይቀድዳል እንጂ አይቆርጥም። ሳሎኑ 3 ሜትር ከ60 ነው፣ ጥቅሉ 2 ሜትር፣ ስለዚህ መገጣጠሚያ ግድ ነው። ሁለቱን ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር አደራርቤ፣ የብረት ማስመሪያ አስደግፌ፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ቆረጥኳቸው። ቁርጥራጩ ሲነሳ ጠርዝና ጠርዝ ልክ ለልክ ገጠመ። መገጣጠሚያውን በር ላይ አታድርጉት፣ እግር ያነሳዋል።

ማስቲሹ በጥርሳም ስፓቱላ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ከዚያ ጣት ሲነካው ያዝ እስኪያደርግ ግን ጣት ላይ እስከማይቀር ይጠበቃል፣ መስኮትም ይከፈታል። ስታነጥፉ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫናችሁ አየሩን አስወጡ።

መኝታ ቤቷን ሞኬት አለበስኩት። እዚያ ዋናው ነገር ፀጉሩ የተኛበት አቅጣጫ ነው። ሁለት ቁራጭ በተቃራኒ ከተነጠፈ ያው ሞኬት ሁለት ቀለም ይመስላል። በእጃችሁ አሻሹት፣ አቅጣጫውን ከጀርባው በቀስት ምልክት አድርጉበት፣ ከዚያ ቁረጡ።

ቀጥሎ የአክስቴ ቤት ነው፣ መሐል ሜዳ። የመንዝ ብርድ ከኛም ይብሳል። ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ጥቅሉ ከኔ ሁለት ቀን ቀድሞ ቤት ይገባል።