ባዝራዋን ሸጥኩ፣ ዳማ ሌላ ፈረስ ሆነብኝ

ይህን የምጽፈው እየተቆጨሁ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከጥቅምት እስከ ጥር እንዲያ ባልተንገላታሁ፣ ፈረሶቼም ባልተንገላቱ ነበር። ሁለት ፈረስ ኖሮህ አንዱን ልትሸጥ እያሰብክ ከሆነ፣ ገዢ ከመፈለግህ በፊት አንብበው።

እኔ አዘዞ ነኝ። ጋሪ አለኝ። ጋሪውን የሚጎትተው ዳማ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፣ የተኮላሸ ወንድ ነው። ከሱ ጋር ወለላ የምትባል አሮጊት ባዝራ ነበረችኝ። አባቴ ትቷት የሄደ ናት። ሁለቱ 9 ዓመት አንድ ጋጥ ውስጥ አድረዋል። ወለላ ጋሪ መጎተት ካቆመች ቆይታለች። ትበላለች፣ ትቆማለች፣ በቃ። ባጃጁ ሥራዬን ሲሻማኝ፣ የጭዱ ዋጋ ደግሞ በየገበያው ሲጨምር፣ «ሥራ ለማትሠራ አፍ ለምን እከፍላለሁ?» አልኩ። ጥቅምት ላይ ለአንድ የማክሰኝት ገበሬ ሸጥኳት። ሽያጩ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ሥራ ነበራት። እኔ ነኝ ያላየሁት።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ዳማ ሲያሽካካ አደረ። ለአንድ ሌሊት ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ወደ ማክሰኝት የሚወስደው መንገድ ጋ ስንደርስ ቆመ። አልሄድም አለ። አንገቱን አቅንቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ጮኸ፣ ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ አዳመጠ። ሁለት ኩንታል ጤፍ ያስጫነችኝ ሴትዮ «ኧረ ልጄ፣ ይሄ ፈረስ ምን አይቶ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት።

በሳምንቱ ነገሩ ባሰ። ሳይሠራ ያልበዋል። ፋንድያው ቀጠነ። ገብሱን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። ጋጡ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ መሬቱን መንገድ አወጣበት። የጎረቤት ልጆች ጋማውን ይዘው ሲወጡበት ዝም የሚል ፈረስ፣ አንዱን ልጅ እጅጌው ላይ ነከሰው። ደግነቱ ሹራብ ለብሶ ነበር።

ምክር በነፃ ነው፤ ሁሉም ሰጠኝ። ቡዳ ነው፣ ጠበል አስረጨው ያለ አለ። ሽጠው ያለም አለ። እኔ የፈራሁት ግን የእብድ ውሻ በሽታን ነው፤ ይህ ፍርሃት ደግሞ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ፈረስ ካጋጠመህ መጀመሪያ እሱን አስብ፤ «ጥርሱን ልየው» ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትከት። በበሽታው የተያዘ ፈረስ ምልክቱ ከታየበት በኋላ በቀናት ውስጥ ነው የሚሞተው። ዳማ ውኃውን እንደ ልቡ ይውጣል፣ አይዝረከረክም፣ ሁለት ሳምንት አለፈው። ያኔ ነው ትንሽ የተነፈስኩት።

ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ከወንበሩ አልተነሳም። በመስኮት አይቶት «ትል ነው» አለ። መድኃኒት ሰጠኝ፣ ከፈልኩ። አብራው የምታድር ባዝራ እንደሸጥኩ ስነግረው ሳቀ። «ፈረስ ደግሞ ይናፍቃል እንዴ?» እኔም አብሬው ሳቅሁ። እስካሁን የሚያናድደኝ ያ ሳቄ ነው።

ከዚያ ጉልበቱ መጠፍ ጀመረ። ጋሪ ተራ ላይ ቆመን፣ ዓይኑ ከደን ከደን ይልና የፊት እግሮቹ ክድት ይሉታል፤ ሊወድቅ ሲል ደንግጦ ይነሳል። ጉልበቱም ከሰኮናው በላይ ያለው መገጣጠሚያም በፊት በኩል ተላጠ። ተመልሼ ክሊኒክ ሄድኩ። «ነርቭ ነው» አለኝ፤ መርፌ ወጋልኝ፣ እንዳይንጎራደድ ደግሞ አሳጥረህ እሰረው አለ። አሳጥሬ አሰርኩት። ይብስ አደረገው።

ነገሩን የፈታችው የአክስቴ ልጅ ናት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች። ቅዳሜ መጣች። መንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣቶቿ ይዛ ቆጠረች፤ በደቂቃ 40። ቆሞ ላረፈ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ደህና ነው አለችኝ። ሙቀቱ 38። እሱም ደህና። ከዚያ ዞራ ጎኑን ማየት ጀመረች።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ ፈረስ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?»

በግራው፣ ልላት ነበር። ወለላ እያለች በየጠዋቱ የማራግፍለት ጭድና ፋንድያ ሁልጊዜ ግራ ጎኑ ላይ ነበር። አየሁት። ጎኑ ንፁህ ነው። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያራገፍኩት? ባዝራዋ ከሄደች ወዲህ አንድም ቀን የለም። በየጠዋቱ ልጓም እያገባሁለት፣ ንፁህ ጎን እያየሁ፣ «ዛሬ ደግሞ እንዴት ያምርበታል» ያልኩበት ቀን ሁሉ አለ።

ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከባዱን እንቅልፍ ግን ቆሞ አይተኛውም፣ መጋደም አለበት። ብዙ አይደለም፤ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቢያገኝ ይበቃዋል። የሚጋደመው ግን ሲተማመን ነው። ፈረሶች አብረው ሲሆኑ አንዱ ሲተኛ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ወለላ ስትቆም የምታድረው ለዳማ ኖሯል። እኔ ዘበኛውን ሸጬ ነው ፈረሱ አልተኛ ሲል ትል ነው፣ ነርቭ ነው እያልኩ የዞርኩት። ጉልበቱ የሚታጠፈው ቆሞ ሳለ እንቅልፍ ስለሚጥለው ነው።

ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ክብ ቤት ጥምቀት ላይ ያላየ ጎንደሬ የለም። የዐፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል። ንጉሥ ለፈረሱ ቤት ሠራ በሚባልበት አገር ተወልጄ፣ የኔ ፈረስ ወር ሙሉ አለመተኛቱን የነገረችኝ የ22 ዓመት ልጅ ናት።

ወለላን መልሼ ልገዛ ማክሰኝት ሄድኩ። ገበሬው አይሸጣትም። የልጅ ልጆቹ ለምደዋታል። አልፈረድኩበትም። ከደባት ቦራ የሚባል ወጣት ፈረስ ገዛሁ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ገራም ነው።

ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው።

የአክስቴ ልጅ ፈተና ላይ ነበረች። ልትመጣ አልቻለችም፤ በስልክ ግን «እስክመጣ ለየብቻ አቆያቸው» ብላኛለች። እኔ ቸኮልኩ። የክሊኒኩን ሰውዬ መንገድ ላይ አገኘሁትና ጠየቅሁት። ለምን እንደጠየቅሁት እስካሁን አይገባኝም። «ዛሬውኑ አብረህ አስገባቸው» አለኝ። «ማታ ቢጣሉ ጠዋት ይታረቃሉ።» የተማረ ሰው ነው ብዬ ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር፣ መስማት የፈለግሁትን ስለነገረኝ ነው የሰማሁት።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ አስገባሁት። ጋጤ ጠባብ ነው፣ ሦስት ሜትር በአራት ቢሆን ነው። ግርግሙ አንድ ነው። ቦራ እንግዳ ስለሆነ ይረበሻል ብዬ ግርግሙ ጋ አሰርኩት። አስበው፤ ዳማ ወር ሙሉ ብቻውን በያዘው ቤት፣ በገዛ መብሉ ላይ፣ የማያውቀውን ፈረስ አስሬ በር ዘጋሁ። ጓደኛ ናፍቆታል፣ ደስ ይለዋል ብዬ ነው። እንግዳ ጓደኛ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ፈረስ መሆን አያስፈልግም።

እራት ሳልጨርስ ሰማሁት። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ጩኸት፣ ከዚያ የሰኮና ድምፅ ቆርቆሮው ላይ። የስልኬን መብራት ይዤ ሮጥኩ። ቦራ ጥግ ተወትፏል፣ ገመዱ አንገቱን ወጥሮታል፣ መሸሽ አይችልም። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ዳሌውን አዙሮ ይራገጣል። ይራገጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይራገጣል። መሀል ልገባ ስል እናቴ ከኋላ ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ። ባትጎትተኝ ኖሮ ይህን የምጽፈው ከአልጋ ላይ ነበር። ገመዱን በውጭ በኩል በማጭድ ቆረጥነው፤ ቦራ በሩን ገፍቶ ወጣ።

የቦራ የኋላ ግራ እግሩ ከቋንጃው በላይ ተከፍቷል። ሥጋው ይታያል። ሌሊቱን በጨው ውኃ እያጠብን አደርን፤ ጠዋት ሌላ ሐኪም መጥቶ ሰፋው፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ወጋው። አንድ ወር ሥራ የለም። በዚህ አላበቃም። በሳምንቱ ቦራ ሳል ያዘው፣ አፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ አወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ዳማም። ከገበያ የመጣ ፈረስ ሦስት ሳምንት ከሌላው ርቆ፣ በራሱ ባልዲ እየጠጣ መቆየት ነበረበት። ይህንንም አላደረግሁም።

ሰውየውን በኋላ አገኘሁት። «እንግዲህ ፈረስ ነው» አለኝ። አዎ፣ ፈረስ ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ በዝርዝር ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሠርቷል። ቁስሉ ከዳነ፣ ሳሉም ከለቀቃቸው በኋላ፣ ግቢውን በአግዳሚ እንጨት ከፈልኩት። ይተያያሉ፣ ይሸታተታሉ፣ መራገጥ ግን አይደርስም። አሥር ቀን እንዲያ ቆዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳማ ጆሮውን እየለጠፈ ያባርረው ነበር። ከዚያ ሰለቸው። ድርቆሹን በእንጨቱ ግራና ቀኝ እያስጠጋሁ አስቀመጥኩላቸው፤ አፍንጫ ለአፍንጫ መብላት ጀመሩ። ከወንድሜ ጋር ይዘናቸው ጎን ለጎን በእግር እንሄድ ነበር፣ ጋሪ የለም፣ ጭነት የለም።

ያገናኘኋቸው በጠዋት፣ ሜዳ ላይ ነው። ማንም አልታሰረም፣ ጥግ የለም። ለሁለት ፈረስ ሦስት ቦታ ድርቆሽ በተንኩ፤ አንዱ ሲባረር የሚሄድበት እንዲያገኝ። ትንሽ ተሯሯጡ። አንድ ጊዜ ዳማ ነከሰው። እኔ ልቤ አፌ ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ቆሜ አየሁ እንጂ አልገባሁም። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ።

በሥልጠና ላይ «እያንዳንዱ እንስሳ ለብቻው ይታሰር» ይሉናል። ለላም ይሁን። ለፈረስ ግን አልቀበለውም። በሽታ ካለ ለየው፤ ስትለየው ደግሞ ሌላውን በሚያይበት ቦታ ይሁን እንጂ በግድግዳ አትጋርደው። መሸጥ ግድ ከሆነብህም መጀመሪያ ሁለተኛውን አስለምድ፣ ከዚያ ሽጥ። እኔ ተገላቢጦሹን ነው ያደረግሁት።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ልጓም ይዤ ገባሁ። ቦራ በሩ ጋ ቆሟል። ዳማ ከኋላው ነው። ግራ ጎኑ ላይ ከትከሻው እስከ ዳሌው ጭድ ተጣብቋል፣ ፋንድያም አለበት። እናቴን ጠራኋት። «ምን ሆነ ደግሞ?» እያለች በነጠላዋ ሮጣ መጣች።

ገብስ ሲቀርብ ግን አሁንም ይነክሰዋል።