የተማሪን እውቀት በሞዴል መከታተል፦ ጅማ ላይ ለ9ኛ ክፍል ሒሳብ እንዴት ሠራሁት

ጅማ ውስጥ ለ9ኛ ክፍል የሒሳብ ማጠናከሪያ የሠራሁት መከታተያ አንድ ነገር ብቻ ይመልሳል፦ ይህ ተማሪ ይህን ክህሎት አሁን ይችለዋል ወይስ ገና ነው? ማርክ ይህን አይናገርም። ከ20 12 ያመጣ ልጅ ክፍልፋይ ይሁን ነጌቲቭ ቁጥር ያስቸገረው ከድምሩ አይታወቅም።

የመረጥኩት አልበርት ኮርቤትና ጆን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያቀረቡትን የቤዝ ስሌት ነው፤ አዲስ መልስ በመጣ ቁጥር ተማሪው ክህሎቱን የማወቁን ዕድል እያስተካከለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ክህሎት አራት ቁጥሮች አሉት፦ ከመነሻው የማወቅ ዕድል፣ በየጥያቄው የመማር ዕድል፣ ሳያውቁ በግምት የማግኘት ዕድል፣ እያወቁ የመሳሳት ዕድል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከስታንፎርድ የወጣው የኒውራል ኔትወርክ ዘዴ ዝናው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ዳታ ይፈልጋል፣ አስተማሪው «ለምን እንዲህ አለ?» ብሎ ሲጠይቅም የሚያሳየው ነገር የለውም። ለጥቂት ክፍሎች የፈተና ወረቀት አራቱ ቁጥሮች በቂ ናቸው፤ ስሌቱም በኤክሴል ይሠራል።

መነሻውን 0.3፣ መማርን 0.1፣ ግምትን 0.25 (ከአራት ምርጫ አንዱ)፣ ስህተትን 0.1 እንበል። ተማሪው አንድ ጥያቄ በትክክል ከመለሰ 0.3 በ0.9 (እያወቁ ያለመሳሳት ዕድል) ተባዝቶ 0.27 ይሆናል፤ የማያውቅ ሰው ድርሻ ደግሞ 0.7 በ0.25፣ ማለትም 0.175 ነው። 0.27ን ለሁለቱ ድምር ስናካፍል 0.61 ገደማ፤ ከቀሪው 0.39 ላይ የመማር ዕድሉ (አንድ አሥረኛው) ሲታከልበት 0.65። ሦስት ተከታታይ ትክክል መልስ 0.95ን ያሳልፋል፤ የተለመደው «ችሏል» የሚባልበት መስመርም ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ከሳተ ግን ወደ 0.15 ይወርዳል። ያንኑ ክህሎት በእውነት/ሐሰት ከጠየቅን ግምቱ 0.5 ስለሚሆን ለዚያው መስመር ስድስት ተከታታይ ትክክል ያስፈልጋል። እውነት/ሐሰትን ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

ኩረጃ የግምቱን ቁጥር ያበላሸዋል። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ሞዴሉ ግምትን 0.4 ካለ፣ ተማሪው ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ነው የሚመዘነው። የጥያቄ ቅደም ተከተላቸው የተለያየ ኮድ ያላቸው ወረቀቶች ማዘጋጀት ከማንኛውም የሒሳብ ማስተካከያ ይበልጣል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ግን ዳታውን ማስገባት ነው። እያንዳንዱ መስመር የተማሪ ቁጥር፣ ክህሎት፣ ተራ ቁጥር፣ የተመረጠው ፊደል፣ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይይዛል። ስም መለያ አይሆንም፦ ጫልቱ በአንዱ ወረቀት ስሟን በቁቤ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ትጽፋለች፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው። ቀሪ የነበረ ተማሪ ባዶ እንጂ 0 አይሰጠውም። ተገኝቶ የዘለለው ግን 0 ነው።

የተመረጠውን ፊደል መመዝገብ አሰልቺ ነው፤ ዋጋው ግን ትልቅ ነው። −7 − (−3) ስንት ነው? −10 የመረጠ ሁለተኛውን የመቀነስ ምልክት እንደሌለ ቆጥሮታል፤ 4 የመረጠ ስሌቱን አውቆ ምልክቱን ጥሏል። ሁለቱም 0 ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን አንድ አይደለም።

ክህሎትን መከፋፈል ላይ እጄን ያጠበቅሁት በአንድ ነገር ነው፦ አንድ ጥያቄ አንድ ክህሎት። «ኢንቲጀር» የሚል ሰፊ ስም መደመርንም መቀነስንም ሲጨፈልቅ፣ ያው ልጅ አንዴ ያገኛል አንዴ ይስታል፤ ሞዴሉም «እያወቀ ይሳሳታል» ብሎ ይተረጉመዋል። የስህተት ቁጥሩ ከ0.3 ሲያልፍ መጀመሪያ የማየው የትኛው ጥያቄ የትኛውን ክህሎት እንደሚለካ የሚያሳየውን የክህሎት ሰንጠረዥ ነው። በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር የቀረበ ጥያቄም የራሱ ክህሎት አለው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተምሮ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ስሌቱን እየቻለ ጥያቄውን ማንበብ ሊያቅተው ይችላል፤ አንዱን ስሌት በቁጥርም በዐረፍተ ነገርም መጠየቅ ልዩነቱን ያወጣዋል።

አራቱን ቁጥሮች ከዳታው ለማውጣት በፓይተን የሚሠራው ፓይቢኬቲ (pyBKT) የተባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ግምትና ስህተት ከ0.5 በታች መሆናቸውን ማየት ግዴታ ነው፤ ካለፉ የማያውቀው ከሚያውቀው ይበልጥ ትክክል ይመልሳል እስከማለት ሊደርስ ይችላል። ሞዴሉን ለመሞከር ዳታውን የምከፍለው በተማሪ እንጂ በመስመር አይደለም፤ ያንድ ልጅ መልስ ግማሹ መለማመጃ ግማሹ መፈተኛ ከሆነ ውጤቱ ያምራል፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ይወድቃል።

መደበኛው ስሌት መርሳትን አያውቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ከማና እና ከጎማ ወረዳዎች የሚመጡ ልጆች ሳምንታት ይቀራሉ፤ ሞዴሉ የያዘላቸው 0.96 ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ፓይቢኬቲ መርሳትን የሚጨምር አማራጭ አለው፤ የሚቆጥረው ግን ጥያቄን እንጂ ቀንን አይደለም። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በላይ ለቀረ ተማሪ የማወቅ ዕድሉን ወደ መነሻው ቁጥር መልሼ በየክህሎቱ ሁለት ጥያቄ እሰጠዋለሁ።

ለአስተማሪ በሚደርሰው ዝርዝር ላይ ቁጥሩን አላወጣም። 0.62 ከታየ 62 ከመቶ ተብሎ ማርክ መዝገብ ውስጥ ይገባል። የሚወጣው «ችሏል»፣ «እየቻለ ነው»፣ «ገና ነው» ብቻ ነው፤ መካከለኞቹ አጠገብ ቀጥሎ የሚጠየቁት ጥያቄ ተራ ቁጥር ይጻፋል።